በቆሎው ምን አጠፋ? ስለ ናቫሆዎች የበቆሎ ቅቅል ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጽሑፉ ሥር "እውነት ነው እንዴ?" ብሎ ጠይቋል። ጽሑፉ በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ለሚነዱ ሐበሻ ሾፌሮች የተሰጠ የጤና ምክር ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጋለፕ ከተማ ላይ ሲቆሙ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ናቫሆዎች የሚሸጡትን የበቆሎና የበግ ቅቅል እንዳይነኩ ያስጠነቅቃል።

አምስት ምክንያት ተሰጥቷል። አንደኛ፣ በቆሎ ያው ስኳር ነው፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ሁለተኛ፣ አመድ ይጨመርበታል፣ አመድ ደግሞ መርዝ ነው። ሦስተኛ፣ የበግ ስብ የልብ ጠላት ነው። አራተኛ፣ በቆሎው በስሎ፣ ደርቆ፣ እንደገና ስለሚቀቀል ቫይታሚኑ አልቋል። አምስተኛ፣ ናቫሆዎችን የስኳር በሽታ የፈጃቸው ይኸው ምግባቸው ነው።

የምኖረው እዚያው ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ ነው። በሥነ ምግብ ባለሙያነት ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። ከማማክራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ናቫሆዎች ናቸው። ጸሐፊው ይህን የጻፉት ወገን ለመርዳት ብለው እንደሆነ አምናለሁ። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ጤናው እንደሚጎዳ ገብቷቸዋል። ምክራቸው ግን ሾፌሩን ከሚጠቅመው ሳህን አንስቶ ወደሚጎዳው ይወስደዋል። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ምግቡ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ጽሑፉ ስለ ምግቡ አሠራር ከአንድ መስመር በላይ አልጻፈም።

ጋለፕ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቅ ገበያ አለ። ብርድ ልብሱ፣ የብር ጌጡ፣ የመኪና ጎማው፣ ምግቡ ሁሉም እዚያ ነው። ቅቅሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት እዚያ፣ ከአንዲት አሮጊት ድስት ነው። ናቫሆዎች በዕድሜ የገፋችን ሴት "ሺማ" ይሏታል። "እናቴ" ማለት ነው። እኛ "እማማ" እንደምንለው ነው። ሺማ ክዳኑን ስታነሳው የመጣው ሽታ የበግ ቅቅል ሽታ ነው፤ ግን ከሥሩ ጭስ ጭስ የሚል ነገር አለ። በከሰል ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸትን ያስታውሳል። መረቁ ቀጭን ነው። አጥንት ያለው ሥጋ አለ። በቆሎው አብጦ የባቄላ ንፍሮ አክሏል። አንዱን ፍሬ በጣቴ ተጭኜ አየሁት። ውስጡ እንደ ገንፎ ለስልሷል፤ ቅርፊቱ ግን እንዳለ ነው።

ጭሱ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። በመከር ወቅት ጉድጓድ ይቆፈርና እሳት ይነድበታል። ጉድጓዱ ሲግል እሸቱ ከነቅጠሉ ይገባል። ከዚያ በአፈር ተደፍኖ ያድራል። በነጋታው ይወጣል። ጥቂቱ በትኩሱ ይበላል፣ የቀረው በፀሐይ ደርቆ ይፈለፈልና ለክረምት ይቀመጣል። ክረምት ሲመጣ ይዘፈዘፍና ከበግ ሥጋ ጋር ለሰዓታት ይቀቀላል። ይህ አንዱ ዓይነት ነው።

ሌላው ዓይነት ጸሐፊው አመድ ያሉት ነው። በዚህኛው ደረቅ በቆሎ የጥድ አመድ በገባበት ውሃ ይቀቀላል። ልጣጩ ሲላላ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ ወደ ሥጋው ይገባል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያለ አመድ የሚሠራው የመጀመሪያው ነው። ጽሑፉ ሁለቱንም አንድ ላይ ደባልቆ ኮንኗቸዋል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

"በቆሎ ያው ስኳር ነው" ለሚለው። በቆሎ ስታርች መሆኑን ማንም አይክድም። 100 ግራም ደረቅ በቆሎ 365 ካሎሪ ገደማ አለው። ከዚያ ውስጥ ግን 9 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 7 ግራም ያህሉ አሰር (ፋይበር) ነው። ማግኒዥየሙም ቀላል አይደለም። ደግሞስ ቅቅል ላይ 100 ግራም ደረቅ በቆሎ ማን ይበላል? አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ባብዛኛው የሚገባው 40 ግራም ያህል ነው። ውሃ ስለሚጠጣ ነው ብዙ የሚመስለው። 40 ግራሙ ወደ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል። ሾፌሩ ከነዳጅ ማደያው አንስቶ የሚጠጣት አንዲት ቆርቆሮ ኮካ 39 ግራም ስኳር አላት። እሱ ደግሞ አሰርም ሥጋም የሌለው፣ ቀጥታ ወደ ደም የሚገባ ስኳር ነው።

በቅቅሉ ውስጥ ያለው በቆሎ አልተፈጨም። ሙሉ ፍሬ ነው። ያልደቀቀ እህል ሆድ ውስጥ በዝግታ ነው የሚፈጨው። ሥጋና አሰር አብሮት ሲኖር ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የስኳር ሕመምተኛ "ስንት በላሁ" ብቻ ሳይሆን "በምን መልክ፣ ከምን ጋር በላሁ" ብሎም መጠየቅ አለበት።

በቆሎ እውነተኛ ድክመት አለው። ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል። በቆሎ ብቻውን የሚበላ ሕፃን የሚቀጭጨው በዚህ ምክንያትም ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ እስማማ ነበር። ግን ቅቅሉ በቆሎ ብቻ አይደለም። የበግ ሥጋ ላይሲን የሞላበት ነው። 90 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ጣል ሲደረግበት፣ የሳህኑ ፕሮቲን በእኔ ስሌት 29 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ጠቅላላ ካሎሪው ደግሞ 330 ገደማ ነው። ሥጋ በሌለበት ቀን ናቫሆዎች በቆሎን ከባቄላና ከዱባ ጋር ነው የሚበሉት። የእኛ እናቶች በቆሎን ከአደንጓሬ ጋር ንፍሮ የሚቀቅሉት ለምን ይመስላችኋል? ላይሲን የሚባል ቃል ሰምተው አይደለም። አብሮ ሲሆን እንደሚያጠግብና እንደሚያበረታ ስላወቁ ነው።

እኔም ሥራ ስጀምር ከጸሐፊው የተለየሁ አልነበርኩም። አንዲት ናቫሆ እናት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሲመጡ "በቆሎውን ይተዉት" አልኳቸው። ተዉት። ከሦስት ወር በኋላ ሲመለሱ ስኳራቸው ብሶ ነበር። ምን እየበሉ እንደሆነ ስጠይቃቸው ነጭ ዳቦና በፓኬት የሚሸጥ ኑድል አሉኝ። ሱቅ ያለው እሱ ነዋ። በቆሎውን ከእጃቸው ስቀማ በምትኩ ምን እንደሚያገኙ አልጠየቅኩም። ያን ቀን አልረሳውም።

ወደ አመዱ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጽሑፉ በብዛት የሳተው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ስሙ። ጸሐፊው "የአርዘ ሊባኖስ አመድ" ብለው ጽፈዋል። የአካባቢው ሰው ዛፉን በእንግሊዝኛ ሲዳር ስለሚለው ነው እንዲያ የተረጎሙት። ዛፉ ግን ጥድ ነው። የእኛው ጥድ ዘመድ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምናየው ማለት ነው። ለምለም ቅጠሉ በንጹሕ ነገር ላይ ይቃጠላል። አመዱ ይነፋል። ከዚያ በማንኪያ እየተለካ ይጨመራል። ከምድጃ የተዛቀ አመድ አይደለም።

ይህ አመድ ምን ይሠራል? ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ካልሲየም ነው። ተመራማሪዎች ለክተውታል። 1 ግራም የጥድ አመድ 300 ሚሊግራም የሚጠጋ ካልሲየም አለው። ይህ አንድ ብርጭቆ ወተት ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ነው። ናቫሆዎች አመዱን ይበልጥ የሚጠቀሙበት ከሰማያዊ በቆሎ ዱቄት በሚሠሩት ገንፎ ነው። ገንፎው ስለማይታጠብ ካልሲየሙ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። በቅቅሉ በቆሎ ላይ ግን ስለሚታጠብ የተወሰነው ይሄዳል። ወተት ጠጥቶ ለማይስማማው ሕዝብ ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ይበልጣል። በቆሎ ውስጥ ናያሲን ወይም ቫይታሚን ቢ3 የሚባል ነገር አለ። ግን ታስሮ ነው ያለው። ሰውነታችን ሊፈታው አይችልም። አመድ ወይም ኖራ ያለበት ውሃ ውስጥ ሲቀቀል ይፈታል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይህን የሚያደርጉት ከሺህ ዓመታት ጀምሮ ነው።

ሌላው ዓለም በቆሎውን ሲወስድ ይህን ጥበብ አልወሰደም። በቆሎው በመርከብ ባሕር ተሻገረ፤ አመዱ ግን ቀረ። ወደ እኛም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። አያቶቻችን "የባሕር ማሽላ" ይሉት የነበረው ለዚህ ነው። በቆሎን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ድሆች አውሮፓ ውስጥ አዲስ በሽታ ያዛቸው። ቆዳቸው ይቆስላል፣ ሆዳቸው ይታወካል፣ አእምሯቸው ይነካል፣ መጨረሻው ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1735 ስፔን ውስጥ ጋስፓር ካሳል የተባለ ሐኪም መዘገበው። በኋላ ጣሊያኖች ፔላግራ አሉት፤ ሻካራ ቆዳ እንደማለት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ ወደ 100 ሺህ ሰው ገደለ። ብዙ ሐኪሞች ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከ1914 ጀምሮ ጆሴፍ ጎልድበርገር የምግብ ጉድለት መሆኑን አሳየ። ናያሲን መድኃኒቱ መሆኑ የታወቀው በ1937 ነው። ችግሩ የሩቅ ታሪክ ብቻም አይደለም። በ1990 ማላዊ ውስጥ በተጠለሉ የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ ከ18 ሺህ በላይ የፔላግራ ሕሙማን ተገኝተዋል። ዋና ቀለባቸው በቆሎ ነበር።

ታዲያ ጸሐፊው መርዝ ያሉት አመድ ያን ሁሉ ሰው ከሚጨርስ በሽታ የሚያድን ነበር። ያለ አመድ የሚሠራው ቅቅልስ? ሥጋው ራሱ ናያሲን አለው። 100 ግራም የበሰለ የበግ ሥጋ 6 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል፤ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ከ14 እስከ 16 ነው። በሁለቱም መንገድ ሳህኑ ሙሉ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማንኛውም አመድ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ቀለም የተቀባ እንጨት አመድ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። የባርቤኪው ከሰልም አይሆንም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ አመድ ያለበትን ምግብ ከመብላቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስለ ስቡ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ትክክል ናቸው። የጎድን ሥጋ ከነሞራው ከሆነ 100 ግራሙ 30 ግራም ስብ ሊይዝ ይችላል። ብዙ ነው። ግን መፍትሔው ቅቅሉን መተው አይደለም። ታፋውን ማስመረጥ ነው። ቤት የሚሠራ ደግሞ ድስቱን አሳድሮ ከላይ የረጋውን ሞራ በማንኪያ ያነሳዋል። እናቶቻችን ቅቅል ላይ የሚያደርጉት ነው። ቀይ ሥጋው ግን ዚንክና ብረት አለው፤ 100 ግራሙ የቀኑን የቢ12 ፍላጎት ይሸፍናል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ያሳንስ።

ቫይታሚኑ አልቋል ለተባለው ብዙ አልልም። ቫይታሚን ሲ ሲደርቅና ሲፈላ ይጠፋል፤ እውነት ነው። ግን ለቫይታሚን ሲ ብሎ በቆሎ የሚበላ የለም። ናያሲን እሳት ይችላል። ማዕድናት አይቃጠሉም። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ቫይታሚን ደግሞ መረቁ ውስጥ ነው፤ መረቁን እንጠጣዋለን። ከጎኑ ቃሪያና ቲማቲም ይኑር፣ አለቀ።

አምስተኛው ነጥብ ግን ከበደኝ። "የስኳር በሽታ የፈጃቸው ምግባቸው ነው" የሚለው።

በሽታው አለ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጎልማሶች መካከል የስኳር በሽታ ያለባቸው ከመቶ 14 ገደማ ናቸው። ይህ ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ነው። በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ግን አስቡት። ናቫሆዎች በቆሎ ሲበሉ ስንት ትውልድ አለፈ? በመካከላቸው ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሽታው ብርቅ እንደነበረ ነው የጻፉት። በቆሎው ያኔም ነበረ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ከ1863 እስከ 1864 የአሜሪካ ጦር በኪት ካርሰን መሪነት አገራቸው ገባ። የበቆሎ ማሳቸውን አቃጠለ፣ በጎቻቸውን ፈጀ፣ ካንየን ደ ሼ የተባለው ሸለቆ ውስጥ የነበሩ የኮክ ዛፎቻቸው ተቆረጡ። ረሃብ ሲጠናባቸው እጅ ሰጡ። ከዚያ በእግራቸው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተነድተው ቦስክ ሬዶንዶ ወደሚባል ሰፈር ተወሰዱ። እነሱ "ረጅሙ ጉዞ" ይሉታል። በመንገድም በሰፈሩም ሺዎች ሞቱ። እዚያ የዘሩትን በቆሎ ተባይ በላው። የተሰጣቸው ራሽን ነጭ ዱቄትና ጥሬ ቡና ነበር። ሽማግሌዎቻቸው ሲያወሩ፣ ቡናውን ምን እንደሆነ ስላላወቁት እንደ ባቄላ ቀቅለው ሊበሉት ሞከሩ ይላሉ። ይህን ስሰማ ቡና ከሚፈላበት ቤት የወጣሁት ልጅ ማልቀስ ቃጣኝ። ዛሬ ጋለፕ ላይ ከቅቅሉ ጎን የሚሸጠው ፍራይ ብሬድ፣ በዘይት ተነክሮ የሚጠበሰው ቂጣ፣ የተወለደው ከዚያ ራሽን ነው ይባላል። አንዱ ትልቅ ቂጣ ብቻውን ከ500 ካሎሪ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1868 ውል ተፈርሞ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1930ዎቹ ደግሞ መንግሥት "መሬቱ ተራቁቷል" ብሎ በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን በመቶ ሺዎች አስወገደ። ቀጥሎ የቆርቆሮ ምግብ እርዳታው መጣ። ዛሬ የናቫሆዎች ክልል 71 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ያለው ሙሉ የምግብ ሱፐርማርኬት 13 ገደማ ነው ይባላል። ቲማቲም ለመግዛት ሰዓታት የሚነዳ ሰው አውቃለሁ። ሕዝቡ ዝም ብሎም አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2014 የራሱ ምክር ቤት በለስላሳ መጠጥና በመሰል ምግቦች ላይ የ2 በመቶ ተጨማሪ ግብር ጣለ። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬን ከሽያጭ ግብር ነፃ አደረገ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ናቸው። ግብሩ የተጣለው በጣፋጩና በቺፕሱ ላይ ነው፤ በበቆሎ ቅቅል ላይ አይደለም። የታመሙበትን ነገር ለይተው ያውቁታል።

ለአክስቴ ልጅ የመለስኩለት እንዲህ ነው። ጋለፕ ስትደርስ ቅቅሉን እዘዝ። በጉድጓድ የበሰለው በቆሎ ያለበትን ጠይቅ። ፍራይ ብሬዱን ተወው፣ ካስጎመጀህም ከሌላ ሰው ጋር ተካፈለው። ለስላሳውን በውሃ ለውጠው። ስኳር ካለብህ ከበላህ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለካው፤ የሰው አካል አንድ ዓይነት አይደለም። ቤት ልትሠራ ብለህ የቆርቆሮውን በቆሎ ከገዛህ ደግሞ ሁለቴ እጠበው። በጨው ነው የታሸገው፤ 100 ግራሙ ወደ 340 ሚሊግራም ሶዲየም አለው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ደረቁን ገዝቶ ቢዘፈዝፍ ይሻለዋል።

ለጸሐፊው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ስቡ ያሉት ይቆይ፤ ጠቃሚ ነው። ስለ አመዱ የጻፉትን ቢያርሙት ብዙ ሰው ይማርበታል። አምስተኛዋን ነጥብ ግን እባክዎ ያንሷት። ከረሃብ የተረፈ ሕዝብ ጠብቆ ያቆየውን ምግብ የበሽታው መነሻ ማድረግ ከባድ ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፉ ከሆነም ይንገሩኝ። ቅዳሜ ከሆነ ገበያው ድረስ እመጣለሁ፤ ሺማ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት።